ጓንቴን ያስወለቀችኝ ሲስተር ሎሚ

ሲስተር ሎሚ ሞተች ብለው ሲደውሉልኝ እጄ ላይ ቢላ ነበር። ዳቢት እየገፈፍኩ ነው። ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ «እሺ» አልኩና ዘጋሁት። ለሰውየው የጀመርኩለትን ግማሽ ኪሎ ቆርጬ ጨረስኩ፣ ጠቅልዬ ሰጠሁት። ከዚያ ቢላውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ እጆቼን አየኋቸው። ሁለቱንም፣ መዳፉንም ጀርባውንም። ንጹሕ ናቸው። ባንኮኒ ላይ ቆሞ ስቅስቅ ብሎ የሚያለቅስ ሥጋ ቆራጭ አይታችሁ ካላወቃችሁ፣ ያን ቀን አዳማ መምጣት ነበረባችሁ።

በዕድሜ እናቴ ብትሆን ነው፤ «ሞቱ» ማለት ነበረብኝ። ከልካይዋ ራሷ ናት። መጀመሪያ ያገኘኋት ቀን «እርስዎ» ስላት፣ «ተው ወንድሜ፣ አንቱ ስትለኝ ከወንዝ ማዶ ሆነህ የምትጣራ ይመስለኛል። ቀረብ በል!» አለችኝ። ያን ትእዛዟን እስከ ዛሬ አክብሬያለሁ። የሚቆጣ ካለ ይቆጣ።

እዚሁ አዳማ፣ አንድ የግል የቆዳ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነበረች። የቡልቡላ ልጅ ናት። አጭር፣ ቀጭን፣ ጋወኗ ሁልጊዜ የሌላ ሰው የሚመስል። ድምፅዋ ግን የሦስት ሰው ነው። ሰላምታዋን የቀመሰ አይረሳውም፤ እጅህን በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ትይዝና አትለቅህም። ቀና ብለህ ዓይኗን እስክታይ ድረስ አትለቅህም። አቀርቅሬ አመልጣለሁ ብትል ሞኝ አንተ ነህ፤ እሷ ጊዜ አላት።

እኔ የጋሽ ሙላቱ ሥጋ ቤት ቆራጭ ነኝ። ያኔም ነበርኩ። የእኛ ሙያ ኪንታሮት ይወዳል፤ እጅ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ነው፣ ቢላውም አጥንቱም ይጭረዋል። በቀኝ ሌባ ጣቴ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር ስትወጣ ከምንም አልቆጠርኳትም። ስትከብድ ጊዜ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነልኝ። አንዱ «ኮከብ ቆጥረህ ነው» አለኝ። ሌላው የቁልቋል ወተት ቀባልኝ፣ ቆዳዬ ተልጦ ተነሣ። አንዱ ደግሞ በፈረስ ጭራ ፀጉር አሰረልኝ፤ ጣቴ ጠቁሮ ሊወድቅ ሲል ፈታሁት። እሷ እቴ! ወለደች። ሃያ ሦስት ደረሱ፣ ቀኝም ግራም።

ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሥጋውን አይደለም፣ የቆራጩን እጅ ነው። ደንበኛችን የሆነ አንድ ኮንትራክተር ነበር፤ ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ ያዘዘውን ሳህን ወደ እኔ ገፍቶ «ይሄን የቆረጠው እሱ ነው?» ብሎ ጋሽ ሙላቱን ጠየቀው። እኔ ፊት! በነጋታው ጋሽ ሙላቱ ጓንት አመጣልኝ። ጓንቱ ባሰ፤ ቀድሞ እጄን ያላየው ሁሉ «ከውስጥ ምን ቢኖር ነው?» ማለት ጀመረ። ከዚያ ከባንኮኒው ተነሥቼ ጓሮ ጨጓራ አጣቢ ሆንኩ። ጋሽ ሙላቱ ክፉ ሰው አይደለም። ግን አንድ ቀን ጠርቶ፣ «ታምራት፣ ለፋሲካ እጅህ ካልጸዳ ሌላ ቆራጭ መፈለጌ ነው» አለኝ። አሥር ዓመት የቆምኩበት ባንኮኒ ነው። ሌላ ሙያ የለኝም፣ ሌላ ሙያ አልፈልግምም።

ረቡዕ ሥጋ ቤት ዝግ ስለሆነ ረቡዕ ቀን ክሊኒኩ ሄድኩ። ጓንቴን አድርጌ። ሲስተር ሎሚ ከላይ እስከ ታች አየችኝና እጇን ዘረጋች።

«አውልቀውና ስጠኝ።»

«ይጋባብሻል» አልኳት።

«እና ምን ይጠበስ?»

አወለቅኩ። በላብ የበሰበሰ፣ አባጣ ጎርባጣ እጄን ጥርቅም አድርጋ ያዘችው። ሚስቴ እንኳን ከያዘችው ቆይቷል። ቀና ብዬ እስካያት ጠበቀች፣ ከዚያ ለቀቀችኝና እዚያው እኔው ፊት በሳሙና ታጠበች። «ታጠብኩ፤ አለቀ። ሳሙና እያለ ሰው አይፈራም» አለችኝ።

ሐኪሙ አይቶኝ ሲጨርስ ነገሩን ያስረዳችኝ እሷ ናት። ሐኪሙ በሦስት ቃል ነው የሚናገረው።

«ስማ» አለች። «ኪንታሮት ቫይረስ ነው፤ ዝምተኛ ቫይረስ። የላይኛው ቆዳህ ውስጥ ገብቶ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። ደምህ ውስጥ አይገባም፣ አያተኩስህም። ሰውነትህ ጠባቂ አለው፣ ግን ማንም ስላልጮኸበት አይመጣም። ጓሮህ የተደበቀ ሌባ አለ እንበል። ማን ያውቃል? ማንም። አሁን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ሰካራም እዚያው ጓሮ ገብቶ ሲጮህ አስብ። ሁሉም ዱላውን ይዞ ይወጣል። ሰካራሙን ብለው ወጥተው ሌባውን ያገኙታል።»

«ሰካራሙ ማነው?»

«እርሾ!» ብላ ሳቀች። «የእንጀራው አይደለም፣ የሩቅ ዘመዱ ነው። አፋችን ውስጥ፣ ቆዳችን ላይ የሚኖር አለ። ሕፃን ምላስ ላይ ነጭ ነገር ሲያወጣ አላየህም? እሱ ነው። ሰውነትህ ከልጅነትህ ጀምሮ ያውቀዋል። ከሱ የተወሰደ ነው መድኃኒቱ፤ ነፍስ የለውም፣ አይባዛም። ሰው ቆዳው ላይ ይወጋና መከላከያው ነቅቷል ወይስ ተኝቷል ተብሎ የሚፈተንበት ነው። ኪንታሮቱ ላይ ስወጋልህ ጠባቂዎችህ ለእርሾው ብለው ይመጣሉ፣ እግረ መንገዳቸውን ቫይረሱን ያዩታል። ፊቱን አንዴ ካዩት ደግሞ ሌላ ጣትህ ላይ ያለውንም ዞረው ይለቅሙታል።»

«ሁሉም ሰው ላይ ይሠራል?»

«አይሠራም። አንዳንዱ ላይ እምቢ ይላል። ውሸት ከፈለግክ ቁልቋሉ አለልህ፣ ተመለስ።»

ስለ እውነት፣ ያመንኳት ያኔ ነው። እስከዚያ የመከሩኝ ሁሉ «በሳምንት ትድናለህ» ብለውኝ ነበር።

መጀመሪያ ክንዴ ላይ ጠብታ ታህል ወጋችኝ። በሁለተኛው ቀን ቀልቶ አበጠ። ጉድ ፈላ ብዬ እየሮጥኩ ብሄድ በጣቷ ዳብሳ «ነቅቷል! ነቅቷል!» እያለች አጨበጨበች። ቀጥሎ ሌባ ጣቴ ላይ ያለችውን ትልቋን፣ እናቲቱን፣ ወጋችልኝ። አቤት ሕመሙ! ጣት ላይ መርፌ ማለት ምን እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል። «ሂን ሶዳቲን! አትፍራ!» ትላለች፣ እኔ ግን እየፈራሁ ሳይሆን እየጮህኩ ነው። ስትጨርስ ሌሎቹን አንድ በአንድ ዘረጋሁላት። መርፌዋን ጣለች።

«ሃያ ሁለቱስ?» አልኩ።

«እነሱን አንተው ትጨርሳቸዋለህ።»

የተሞኘሁ መሰለኝ። ጣቴ አብጦ፣ ትንሽ አተኩሶኝ ቤቴ ገባሁና ለሚስቴ «የእርሾ ዘር ነው የወጋችኝ» አልኳት። ሚስቴ ደግሞ ነገር አታሳድርም። በነጋታው ስነቃ እጄን ቡሃቃ ውስጥ ነክራው አገኘሁት! «ባንዱ ከሠራ በሁሉም ይሥራ» ብላ። ይሄን ለሲስተር ሎሚ ስነግራት ሆዷን ይዛ ወንበር ፈለገች። «የእንጀራዋን እርሾ አታባክኚ በላት፣ የሩቅ ዘመድ ነው አላልኩም?» አለችኝ።

ጠረጴዛዋ ላይ ከንፈሩ የተላላጠ የቆርቆሮ ኩባያ ነበር። ሻይዋን በሱ ነው የምትጠጣው። ለምን ብርጭቆ አትገዢም ብላት ነገረችኝ። ልጅ ነርስ ሳለች በስምጥ ሸለቆ ከተሞች እየዞረች የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ቁስል ታጥብ ነበር። ቡልቡላ ቤተሰቦቿ ዘንድ ስትመለስ ያን ኩባያ ለብቻዋ ሰጧት። ሌላው ሰው በብርጭቆ፣ እሷ በቆርቆሮ።

«አለቀስሽ?» አልኳት።

«ለምን አለቅሳለሁ? ኩባያውን ይዤው ሄድኩ። እኔን ለማራቅ ነበር የሰጡኝ፤ ይኸው ከሰው መሀል ቁጭ ብዬ እጠጣበታለሁ።»

ሁለተኛውን መርፌ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተወጋሁ። ለውጥ የለም። ጾም ገባ፣ ሥጋ ቤቱ ተዘጋ፤ የጋሽ ሙላቱ ግሮሰሪ ግን ይሠራል፣ እኔም እዚያ ቢራ አመላላሽ ሆኜ ፋሲካን በጣቴ እቆጥራለሁ። ከሰውም ከራሴም የምደብቀውን ጥፋት ያጠፋሁት በዚህ መሀል ነው። ልንገራችሁ፤ እሷ ብትኖር አስገድዳ ታስነግረኝ ነበር።

የክሊኒኩ ፍሪጅ ተበላሸ። መብራቱም ይመጣል ይሄዳል። መድኃኒቱ ደግሞ እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም፤ ሐኪሙ ከውጭ በሰው እጅ ነው የሚያስመጣው፣ ያኔ የቀረችውም አንዲት ብልቃጥ ነች። ጋሽ ሙላቱ ጋ ጄኔሬተር እንዳለ ታውቃለችና ብልቃጧን በረዶ በሞላበት ፔርሙዝ ይዛልኝ መጣች። «ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጥልኝ፣ እስከ ነገ ብቻ። አደራ!» ብላ ሄደች።

እኔ ሥጋ ቆራጭ ነኝ። በእኔ ዓለም እንዳይበላሽ የምትፈልገው ነገር ቦታው በረዶ ቤት ነው። ፍሪጅማ ለለስላሳ ነው፣ አሥር ጊዜ ይከፈታል፣ ምኑ ይታመናል? አደራ ስላለችኝ፣ በጣም ስለተጠነቀቅኩ፣ ብልቃጧን በላስቲክ ጠቅልዬ ዲፕ ፍሪዘሩ ሥር ድረስ ከተትኳት። በነጋታው በኩራት አውጥቼ ሰጠኋት። ድንጋይ ሆናለች።

አልጮኸችም። የቢራ ሳጥን ላይ ተቀመጠች።

«በረዶ ከሆነ አይሠራም» አለች።

«ቢቀልጥስ?»

«ሥጋ ነው እንዴ፣ ታምራት?»

መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር። ተነሥታ ጋወኗን አራገፈችና፣ «ነገ ወለንጪቲ እንሄዳለን» አለች። ወለንጪቲ ያለችው እንደ እኔ እጇን ኪንታሮት የወረረው አንዲት አስተማሪ ናት። የመጀመሪያዋን መርፌ ከዚያች ብልቃጥ ልትወጋ ቀጠሮ ይዛ ነበር። ሲስተር ሎሚ በስልክ መንገር ትችላለች። አልፈለገችም። በሚኒባስ ይዛኝ ሄዳ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አቆመችኝ፣ አስተማሪዋን አስጠራችና «ንገራት» አለችኝ።

ነገርኳት። አስተማሪዋ እጆቿን ሹራቧ እጅጌ ውስጥ እንደሰበሰበች ሰማችኝ። «ልጆቹ ደብተራቸውን በእጄ አይሰጡኝም፤ ጠረጴዛ ላይ ወርወር አድርገው ይሸሻሉ» አለች። ከዚያ «ጠብቄ ነበር» አለች። ይኸው ነው። ብትሰድበኝ በስንት ጣዕሙ!

ስንመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ፣ «ለምን አመጣሽኝ?» አልኳት፣ ተናድጃለሁ፤ የተናደድኩት በራሴ ነው።

«እኔ ብነግራት ‹መድኃኒቱ ተበላሸ› ብላ እግዜርን ነበር የምታማርረው። አሁን ማን እንዳበላሸው አውቃለች። ሰው በማን እንደሚቆጣ የማወቅ መብት አለው።»

«የእኔስ ሦስተኛ መርፌ?»

«የለም። ሁለቴ ተወግተሃል፣ እስኪ ጠባቂዎችህን እንያቸው። ሌላ ብልቃጥ ሲመጣ መጀመሪያ እሷ ናት፣ አንተ ከኋላ ነህ።»

ፋሲካ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቤት ቁጭ ብዬ ነጭ ሽንኩርት እልጣለሁ። ግራ እጄ ላይ የሆነ ነገር ጎደለብኝ። አየሁት። ከአውራ ጣቴ ሥር የነበሩት ሦስቱ የሉም! መርፌ ያልነካው ግራ እጄ! ገልብጬ አየሁት፤ የቀሩትም ጠፍጥፈዋል፣ ሟሽሸዋል። ሽንኩርቱን በትኜ፣ ያለ ቀጠሮ፣ ያለ ካርድ ክሊኒኩ ደረስኩና በሯ ላይ እጄን አንሥቼ ቆምኩ። አየችው። ወጥታ ኮሪደሩ መሀል እልልታዋን አቀለጠችው። ሐኪሙ በሩን ከፍቶ «ሲስተር፣ ክሊኒክ ነው!» ሲል «አውቃለሁ!» ብላ ደገመችው።

የፋሲካ ጠዋት ደረሰ። ግራ እጄ ጸድቷል። ቀኝ እጄ ላይ ሦስት ቀርተዋል፤ እናቲቱ ጠቁራ ደርቃለች፣ ልትወድቅ ነው፣ ግን አልወደቀችም። ጋሽ ሙላቱ እጄን አገላብጦ አየና ጓንቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠልኝ። «ለዛሬ በዚህ ቁረጥ» አለኝ። አደረግኩት። ወረፋው እስከ አስፋልቱ ነው፣ ከፊት ማን አለ? ኮንትራክተሩ።

«ዛሬም ጓንት?» አለ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «ምንድነው የምትደብቀው?»

ጋሽ ሙላቱ ወደ ሚዛኑ ዞሮ የሚሠራ መሰለ። ያኔ ከወረፋው ጀርባ ያ የሦስት ሰው ድምፅ መጣ።

«ታምራት! አውልቀው!»

በነጠላዋ ተሸፋፍና ሰዉን በክርኗ እየገፋች ከፊት ደረሰች። ጋሽ ሙላቱን አየሁት። ባወልቅ ሥራዬን ማጣቴ ነው፣ ባላወልቅ ዕድሜ ልኬን ጓንት ነው። አወለቅኩት። «ታጠብ» አለችኝ። ሁሉም እያየኝ በሳሙና ታጠብኩ፣ በንጹሕ ፎጣ አደረቅኩ። እጄን ይዛ ለወረፋው ከፍ አድርጋ አሳየችው።

«እዩት! ሃያ ሦስት ነበሩ፣ ሦስት ቀርተዋል፣ እነሱም ደርቀዋል። ያከምኩት እኔ ነኝ፣ የምመሰክረውም እኔ ነኝ። አንድ ኪሎ ከሽንጡ ቁረጥልኝ። በዚሁ እጅህ!»

«ጥሬውን ይበሉታል፣ ሲስተር?» አለ ኮንትራክተሩ እየሳቀ።

«አልበላም፣ ኮሶ እፈራለሁ! የምፈራው በሬውን ነው፣ ሰውየውን አይደለም!»

ወረፋው በሳቅ ፈረሰ። ኮንትራክተሩ ጥሎ ወጣ፤ ሁለት ሰው ተከተሉት። እስከ ዛሬ አልተመለሰም፣ ይቅርበት። የቀሩት ቆሙ። ጋሽ ሙላቱ ጓንቱን አንሥቶ ቅርጫት ውስጥ ጣለና ቀስ ብሎ «ቁረጥላት እንጂ» አለኝ። ቆረጥኩላት። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ አልነበረም። እሷ ግን ጠቅልላ ይዛው ሄደች።

ለቀብሯ ቡልቡላ ስደርስ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰው ሞልቷል። አስተማሪዋ መጥታለች። አዲሱ ብልቃጥ ከፋሲካ በኋላ መጥቶ ቀድማኝ ተወግታለች፤ ብዙዎቹ ለቀቋት፣ ሁለቱ ግን እስካሁን እምቢ እንዳሉ ናቸው። ሁለቱን ይዛ እጇን ዘረጋችልኝ። ሹራብ አላደረገችም። «አሁን ደብተራቸውን በእጄ ነው የምቀበለው፤ የማይሰጠኝ ልጅ አይታረምለትም» አለችኝ። ተቃቅፈን አለቀስን። ስንወጣ ከዘመዶቿ አንዷ ያን የቆርቆሮ ኩባያ ታቅፋ ቆማ አየኋት።

ስመለስ አዳሚ ቱሉን አልፈን ዝዋይ ላይ ሚኒባሱ ለምሳ ቆመ። ሐይቁ ዳር ዓሣ ከሚበልቱት ሴቶች አንዷ ጋ ሄድኩ። እጆቿን በፌስታል ጠቅልላ፣ ፌስታሉን አንጓዋ ላይ በላስቲክ አስራዋለች። ከፌስታሉ ውስጥ የሚታየውን እኔ አላጣውም። ከአጠገቧ ያሉት ደንበኛ ከበባቸው፣ እሷ ጋ ማንም የለም።

«እጅሽን ስጪኝ» አልኳት።

«ዓሣ ነው የምትፈልገው?»

«ዓሣውን በኋላ። መጀመሪያ አውልቂውና እጅሽን ስጪኝ።»

ሰደበችኝ። የማላውቀውን በኦሮምኛ ጨመረችበት። እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ሚኒባሱ ጥሩምባውን ነፋ፣ ረዳቱ ጮኸ፣ አልነቃነቅም አልኩ። «ይጋባብሃል» አለች በመጨረሻ፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

«በኔ ላይ ሃያ ሦስት ነበሩ። ረቡዕ አዳማ ነይ፣ ሐኪሙን አሳይሻለሁ። ቢሠራልሽም ባይሠራልሽም ነይ።»

ላስቲኩን ፈታች። እርጥብ፣ ቀዝቃዛ፣ የዓሣ ቅርፊት የተለጠፈበት እጅ ነበር። በሁለት እጄ ጥርቅም አድርጌ ያዝኩት። አቀርቅራለች። ሚኒባሱ ሄደ። ቀና ብላ እስክታየኝ ድረስ አልለቀቅኳትም።